መቶ በመቶ

አምና የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት ሲነጻጸር፣ ከሉማሜ ከተማ ገባ ብሎ ያለው የእነ መምህርት የኔአለም ትምህርት ቤት ከወረዳው መጨረሻ ወጣ። ርእሰ መምህሩ ዓለማየሁ ከስብሰባው ፊቱ በርበሬ መስሎ ተመለሰና መላ ዘየደ። መላው ከማስተማር ይቀላል። ንጽጽሩ የሚሠራው ከተፈተኑት ስንት በመቶ አለፉ ተብሎ ስለሆነ፣ ይወድቃሉ የሚባሉት ዘንድሮ አይመዘገቡም። በቃ!

ወላጅ የማሳመኑ ሥራ ለሒሳብ አስተማሪዋ ለየኔአለም ደረሰ። የካቲት ላይ አቶ እንዳላማው ቤት ሄዳ፣ “ልጅዎ የብርጓል ገና አልበሰለችም፤ ትድገምና ለከርሞ ትፈተን” አለቻቸው። የምሯን ነው፤ ለልጅቷም የሚበጅ መስሏት ነበር። የብርጓል ጥግ ይዛ ቆማ ትሰማ ነበር።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ የብርጓል ከክፍል ጠፋች። የኔአለም ልትጠይቃት ብትሄድ ግቢው ውስጥ የሠርግ ዳስ እየተጣለ ነው። 

“ምነው አቶ እንዳላማው? ገና ልጅ እኮ ናት!”

“እርስዎ አይደሉ እንዴ አልበሰለችም ያሉን? ትምህርቱ እንቢ ካላት ምን ላድርጋት? ለሽማግሌዎቹ ቃሌን ሰጥቻለሁ።”

የብርጓል እስከ አጥሩ ሸኘቻት።

“ቲቸር፣ እንደማላልፍ እኮ እኔም አውቅ ነበር” አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “ግን ሽማግሌ በመጣ ቁጥር እናቴ ‘ተፈታኝ ናት’ እያለች ትመልስልኝ ነበር። አሁን ምን ትበል?”

የኔአለም እየሮጠች ዓለማየሁ ቢሮ ገባች።

“አስመዝግባት! እግርህ ላይ ልውደቅ!”

“ምዝገባው ከተዘጋ ቆየ እኮ።”

“እንግዲያው ለፖሊስ እናመልክት።”

“ከፈተናው ማን አስቀራት ሲሉሽ ማንን ልትጠሪ ነው?”

የኔአለም ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ያን ቀን ፖሊስ ጋ አልሄደችም፤ በማግስቱም አልሄደችም። ፈራች፤ እንጀራዬን አጣለሁ ብላ ፈራች፤ ሌላ ስም የለውም። እሑድ ዕለት የብርጓልን በአይሱዙ ጭነው፣ ጥሩምባ እየነፉ ወደ ሙሽራው አገር፣ ወደ ቁይ ወሰዷት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ውጤት መጣ። የተፈተነው ሁሉ አልፏል፤ ትምህርት ቤቱ ከወረዳው አንደኛ! በወረዳው የሽልማት በዓል ላይ ዓለማየሁ ጥርሱን ሳይከድን ዋንጫውን ተቀበለ። ከዚያም መድረክ መሪው “የሒሳብ መምህርቷ ተሞክሮዋን ታካፍለን” አለ።

የኔአለም ማይኩን ያዘች።  ከፋሲካ ጀምሮ የዋጠችውን ሁሉ ዛሬ ካልተናገረችው ዕድሜ ልኳን እንደማትናገረው ታውቃለች።

“የብርጓል እንዳላማው…” አለች። እንባ ቀደማት።

ሰዉ አንደኛ የወጣችው ተማሪ ስም መሰለውና ብድግ ብሎ አጨበጨበላት።