ቀና ያለችው ጣሳ

ልብስ ሰፊው አላምረው በዚያች ሐሙስ አመሻሽ መቀሱን ሰቅሎ፣ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። ለወትሮው በዚህ ሰዓት እግሩ ራሱ ወደ አረቄ ቤት ይመራው ነበር፤ ያን ዕለት ግን እግሩም እንቢ አለ። ልጁ ጥሩወርቅ ከሰዓት በኋላ መጥታ፣ ዓይኑን ሳታይ፣ «አባባ፣ እሑድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ቤት ባትኖር ደስ ይለኛል» ብላው ሄዳለች። እውነቷን ነው። አምና እሷን ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች ሰክሮ ጠብቆ፣ የታላቁን ሽማግሌ ጢም «የእውነት ነው?» ብሎ የጎተተው እሱው አይደል! ጋብቻው እዚያው ፈረሰ፤ ልጅቱም ስንት ወር አንገቷን ደፍታ ከረመች። «አይ አላምረው! ለሰው ሁሉ የሰርግ ልብስ እየሰፋህ፣ የገዛ ልጅህን ሰርግ ቀደድከው!» እያለ ራሱን ሲረግም የአገሩም ነገር ታወሰው፤ በየቅያሱ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋች ጣሳ «መጠጥ አለ» እያለች ስትጠራ፣ ስንቱ ባለሙያ፣ ስንቱ የልጆች አባት ከሥሯ ወድቆ እንደቀረ። እንዲህ ሲብሰለሰል በስፌት መኪናው ላይ ደፋ ብሎ እንቅልፍ ወሰደው።

ወዲያው አንዲት ነጭ ነጠላ ያጣፉ ባልቴት ከፊቱ ቆመው አየ። «ተነሥ ልጄ፣ አገር ላሳይህ» አሉት።

«እርስዎ ማን ነዎት እማማ?»

«ሠላሳ ዓመት አረቄ ያወጣሁ ነኝ። መግቢያውን ለስንቱ ያሳየሁ እኔ፣ መውጫውንም ባላሳይ ማን ያሳያል?» ብለው ሳቁና እጁን ይዘው መሩት።

ያየው ከተማ የራሱ ከተማ ነበር፤ ነገር ግን ወይ ጉድ፣ እንዴት ያለ ከተማ ሆኗል! ጌሾ ይሰጣበት የነበረው ግቢ ሁሉ ጎመንና ቀይ ሥር ለብሶ፣ የሰካራም ማደሪያ የነበረው ቦይ ተጠርጎ ንጹሕ ውኃ እየወረደበት፣ በየደጃፉ ሴቶች «ባሌ ዛሬስ ምን ሆኖ ይመጣ ይሆን» ብለው በሥጋት ሳይሆን በጨዋታ ተቀምጠዋል። አባት ከበር ላይ ሲያስል፣ ዱሮ ከአልጋ ሥር ይደበቁ የነበሩት ልጆች አሁን እየተሽቀዳደሙ ጉልበቱን ያቅፋሉ። የእስር ቤቱ ዘበኛ እንኳ የሚጠብቀው ጠፍቶ፣ ደጃፉ ላይ ድንች እየላጠ ያንጎራጉራል።

አላምረው ይህን እያደነቀ ሳለ በአንድ ቅያስ ጫፍ እንጨት ላይ ጣሳ አየ። አመል ያወጣል ከመሐል አይደል የሚባለው? ባልቴቲቱን ጥሎ ሮጠ፣ በሩን በርግዶ ገባ፣ «አንድ መለኪያ ቶሎ ቅጂልኝ!» ብሎ ጮኸ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ክብ ሠርተው አግዳሚ ላይ ከተቀመጡት መካከል አንድ ጡረተኛ መምህር ዕንባቸውን እየጠረጉ፣ «እንኳን ደህና መጣህ! እኔንም ያመጣችኝ ይህችው ጣሳ ናት» አሉት።

ባልቴቲቱ ደርሰው፣ «እስቲ ውጣና ደህና አድርገህ እያት» አሉት። ወጥቶ ቢያይ ጣሳዋ አልተደፋችም፤ ቀና ብላ ዝናብ አጠራቅማ፣ ወፍ ይጠጣባታል።

«ታዲያ ሰው ለምን ታታልላላችሁ?»

«ጠጪን ስብሰባ ፈልግ ብትለው መንገድ ይጠፋዋል፤ ጣሳ ግን ዓይኑን ጨፍኖም ያገኛል። ስለዚህ በሚያውቀው ምልክት ጠራነው» አሉ ባልቴቲቱ።

አላምረው ተመልሶ ገባና፣ «እዚህስ ምን ትሠራላችሁ?» አለ።

«እንነጋገራለን።»

«ይኸው ነው? መካሪም የለ?»

«ምክርማ ስንቱን ጠገብን!» አሉ መምህሩ። «ሚስት መከረችን፣ ቄስ መከረን፣ ጎረቤት መከረን። ያጣነው እንደኛው ወድቆ የሚያውቅ ሰሚ ነበር። እኔ ዛሬ አልጠጣሁም፤ ነገን ነገ እናያለን።»

«ተመልሶ የጠጣስ?»

«ቦታው ይጠብቀዋል። ማንም ደርቦ አይቀመጥበትም።»

የመናገር ተራው አላምረው ዘንድ ደረሰ። «እኔ እንኳ የመጣሁት ለጎረቤቴ ብዬ ነው» አለ። እንደገና በሳቅ አወካ ቤቱ፤ «እሰይ! ሁላችንም ለጎረቤት ነው የመጣነው!» አሉት። እሱም ሳይወድ ሳቀ። ሲስቅ ሲስቅ ግን ሆዱ ባባ፤ «ልጄ ቤት እንዳልኖር ለመነችኝ» ብሎ አለቀሰ። ያኔ ማንም አልሳቀም። አጠገቡ የነበረው ሰውዬ ፈቀቅ ብሎ አስቀመጠው።

በዚህ ነቃ። ጎሕ ቀዷል፤ የጨርቁ ስፌት ጉንጩ ላይ ታትሟል። ሳይታጠብ ወደ ቤቱ ገሠገሠና ግቢ ስትጠርግ ላገኛት ለጥሩወርቅ ያየውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገራት፤ ስለ ጎረቤቱ የዋሸውንም አልደበቀም። እሷም ልትኮሳተር ሞክራ አልቻለችም፣ ሳቀች።

«እሑድ ቤት አልኖርም፤ እውነትሽን ነው» አላት። «እንዲህ ያለ ስብሰባ በእውን ካለ እየጠየቅኩ እፈልጋለሁ። የጠጪ ወዳጆቼንም ቤት እየዞርኩ ይህን እነግራቸዋለሁ፤ ይሳቁብኝ።»

ጥሩወርቅ መጥረጊያውን ጥላ ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ ወረቀት ይዛ ነበር። ከጤና ጣቢያው ነው፤ መጠጥ የተዉ ሰዎች የሚገናኙበት አዳራሽና ሰዓት ተጽፎበታል።

«ከያዝኩት ዓመት ሆነኝ» አለችው። «ልሰጥህ ፈርቼ ነው።»

አላምረው አነበበው፦ እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቀና ብሎ ሊያያት አፈረ።

«ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ አባባ» አለችው። «ትደርሳለህ።»