እርጥብ ጣራ

እርጥብ ጣራ አይታጠፍም። ይህን ለከቢር ሺህ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ምነው ምላሴን በቆረጠው እላለሁ።

ዳምጠው እባላለሁ፤ ከአገሬ ርቄ፣ ሙኑኪ በሚባል ሰፈር የመኪና ወንበርና ሸራ እሰፋለሁ። ከቢር ሀይ ጀላባ ሰፈር ሱቅ ያለው ጅምላ ነጋዴ ነው። ከአባቱ የወረሳት፣ ጣራዋ የሚታጠፍ የጥንት ፊያት አለችው። ከካምፓላ ባስመጣው ሸራ ጣራዋን የሰፋሁላት እኔ፣ አስተጣጠፉን ያስተማርኩትም እኔ። መኪናዋን የሚወዳትን ያህል ሰው ቢወድ ኖሮ ሚስቱ ጀውሀራ ጥላው አዲስ አበባ ባልገባች። ከሁለት ዓመት በፊት ወባ እያንቀጠቀጣት ክሊኒክ አድርሰኝ ስትለው፣ "ጣራው ትንሽ ይድረቅ" ብሎ አቆያት። እንደዳነች ሄደች።

ሽማግሌዎች በስልክ ሲለምኗት ከርመው በመጨረሻ እሺ አለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስትወጣ ከቢር ራሱ ቆሞ እንዲጠብቃት። ካላገኘችው በመጣችበት ትመለሳለች።

አውሮፕላኑ ስድስት ሰዓት ይገባል። ከቢር ሦስት ሰዓት ላይ እኔ ጋ መጣ። ሌሊት የጣለው ዝናብ ሸራውን አርሶታል፣ እሱ ደግሞ ጀውሀራ ነፋስ ስለምትወድ ጣራውን ከፍቶ ሊቀበላት ፈልጓል።

"አሁን ካጠፍከው ይሻግታል" አልኩት።

"ስንት ይፈጃል?"

"አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።"

አንድ ሰዓት አልበቃም። ደመናው ፀሐይዋን ዋጣት። ከቢር በፎጣ ይጠርጋል፣ ስልኩን ያያል፣ በር ድረስ ሄዶ ይመለሳል። አምስት ሰዓት ሲሆን እኔም መቁነጥነጥ ጀመርኩ።

"ታክሲ ያዝና ሂድ።"

"በሰው መኪና ልቀበላት?"

"እንግዲያው ሳትከፍተው ሂድ።"

"ደርቋል እኮ። እስቲ ንካው።"

ነካሁት። ስፌቱ ውስጥ እርጥበት አለ። "ትንሽ ይቀረዋል" አልኩ። ሙያዬን ላስከብር ብዬ የሰውን ትዳር ረሳሁ፤ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ሻንጣ እስኪወርድ አንድ ሰዓት ይፈጃል እየተባባልን ሁለታችንም ራሳችንን አታለልን።

ስድስት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ከቢር "ያላ፣ እንጠፈው" አለ። የኋላውን ፕላስቲክ መስኮት ዚፕ ፈታን። እንዳይሰበርና እንዳይጫጫር ለስላሳ ብርድ ልብስ አለበስነው። ከዚያ ብረቱን ግራና ቀኝ ይዘን ወደ ላይ አነሳን። እዚህ ላይ ነው ጭንቁ፤ በአንድ እጅ ብረቱን ይዘህ፣ በሌላው ሸራውን ከመገጣጠሚያው ውስጥ እየሳብክ ቀስ ብለህ ታወርዳለህ። አንዱ ከለቀቀ ብረቱ ይወድቅና ሸራውን ይነክሰዋል።

ግማሽ ላይ ስንደርስ ሰው የጫነ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር፣ የሱቄ በር ላይ ቆመ። ጀውሀራ ናት። ከቢር ሱቁን ዘግቶ ከጠፋ የት እንደሚገኝ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ጭኗ ላይ ያለችው ሻንጣ ትንሽ ናት፤ ለመቆየት እርግጠኛ ያልሆነች ሰው ሻንጣ። አልወረደችም።

"አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩህ" አለች። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረራ አለ። ፊትህን አይቼ ልሂድ ብዬ ነው።"

ከቢር ፊቱ አመድ መሰለ። እጁ ብረቱ ላይ ነው።

"እንዳትለቅ" አልኩት። እኔ ነኝ እንግዲህ፣ ያን ሰዓት እንኳ ለሸራው የማስበው።

ለቀቀው። ብረቱ ወረደ፣ ሸራው ተርተር ብሎ ከስንዝር በላይ ተቀደደ። ከቢር ዞር ብሎም አላየው፤ ሄዶ ፊቷ ቆመ።

"ተቀደደብህ" አለችው።

"ይቀደድ።"

ጀውሀራ ሸራውንም እሱንም አየች። "ይቺን ቃል ለማውጣት ሁለት ዓመት ፈጀብህ" አለች። ከዚያ ከሞተሩ ወረደችና ባለቦዳውን "ኸላስ፣ አምሺ"፣ በቃ ሂድ፣ ብላ አሰናበተችው።