ወደ ሰሌዳው የዞሩት መምህራን

ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ውሎ ሳይዘንብ በመሸበት በአንድ ማክሰኞ፣ ልቤ ከሰማዩ ይልቅ ከብዶብኝ ከኮሌጁ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ስሜ ላቀው ይባላል፤ በአንዲት አነስተኛ ከተማ በሚገኝ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ለመሆን የሚዘጋጁ ወጣቶችን አሠለጥናለሁ። ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ግን በአዳራሽ ቆሜ የምሰጠውን ትምህርት አይደለም። እጩ መምህራኑ ወደ እውነተኛ ትምህርት ቤት ወጥተው፣ እንግሊዝኛ በቤታቸውም በሰፈራቸውም ሲነገር ሰምተው በማያውቁ ሕፃናት ፊት ሲቆሙ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ መመልከትን፣ ከክፍል ሲወጡም ያየሁትን እያነሣሁ አብሬአቸው መነጋገርን ነው።

በዚያው ቀን ጠዋት ትንግርት የምትባል እጩ መምህርት አምስተኛ ክፍል ገብታ ስታስተምር ተመልክቼ ነበር። ትንግርት ድምፅዋ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ልጅ ናት። ትምህርቱን ሌሊቱን ሙሉ ስታዘጋጅ ያደረች ይመስል ነበር፤ ሰሌዳውን በሚያምር ጽሕፈት ሞልታ፣ በየመካከሉ «ገባችሁ?» ስትል ልጆቹ በአንድ ድምፅ «የስ ቲቸር!» እያሉ ጣሪያውን ያናጉት ነበር። ደወል ሲደወል ፊትዋ በደስታ በርቶ ወጣች። እኔም ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር አስቀመጥኳትና፣

«እስቲ ከልጆቹ አንዷን ጥሪና ጠይቂያት» አልኳት።

ከፊት ረድፍ ስትጮህ የነበረችውን ልጅ ጠራችና በእንግሊዝኛ ስምዋን ጠየቀቻት። ልጅቱ ደረትዋን ነፍታ «የስ ቲቸር» አለች። ዕድሜዋን ጠየቀቻት። «የስ ቲቸር» አለች። ትንግርት ልጅቱን በፍቅር ራስዋን ዳብሳ ካሰናበተቻት በኋላ ዓይኖችዋ እንባ አቀረሩ።

«ስለዚህ ያ ሁሉ ጩኸት… አንዳቸውም አልገባቸውም ማለት ነው፣ መምህር?»

«ዛሬ አልገባቸውም። አንቺ ግን እንዳልገባቸው አወቅሽ። ይህን ሳያውቁ ጡረታ የሚወጡ አሉ።»

እንባዋን በመዳፍዋ ጠርጋ፣ «እባክዎ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይህንኑ ትምህርት ደግሜ ላስተምር። በሥዕል እጀምራለሁ፤ እያንዳንዳቸውን አናግራለሁ» አለችኝ። እኔም ቃል ገባሁላት።

ከሰዓት በኋላ ግን የኮሌጁ ዲን አቶ ፍስሐጽዮን ወደ ቢሮአቸው ጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ በችግር ብዛት የደከሙ ሰው ናቸው። «ላቀው፣ የማስተማር ልምምዱን ልንዘጋው ነው» አሉኝ። «እጩዎቹን የሚያመላልስ መኪና የለንም፤ ከኋላ ተቀምጦ የሚያያቸውም አስተማሪ አይበቃንም። ከእንግዲህ እዚሁ በአዳራሹ እርስ በርሳቸው እየተማማሩ ይለማመዱ። ነገ ጠዋት በስብሰባ እናጸድቀዋለን፤ የምትለው ካለህ እዚያ ትናገራለህ።»

እንግዲህ በዚያ ምሽት ከመስኮቴ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነገ የምናገረውን ሳስብ፣ የማነሣው ቃል ሁሉ ባዶ እየሆነብኝ ተጨነቅሁ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ለሚያውቅ ሰው ቢያስተምር ምን ይማራል? ያልገባው ሕፃን ዓይን ምን እንደሚመስል በየትኛው አዳራሽ ይታያል? ይህን በልቤ ሳወጣና ሳወርድ፣ ጨለማው ክፍሉን ቀስ በቀስ ሲሞላው፣ መብራት ለማብራት እንኳ አቅም አጥቼ እዚያው ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በእንቅልፌም ውስጥ ሣር በሌለበት፣ አመድማ በሆነ ሰፊ ሜዳ ላይ ራሴን አገኘሁት። ፀሐይዋ አልጠለቀችም፤ ነገር ግን ብርሃንዋ በቆሸሸ መስተዋት ውስጥ እንደሚያልፍ ሁሉ የፈዘዘ ነበር። ከፊቴ አንዲት ቀጭን ወይዘሮ ቆመዋል። ቀርቤ ሳያቸው፣ እኔ እጩ መምህር ሳለሁ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ያዩኝ የነበሩት፣ ካረፉ ብዙ ዘመን የሆናቸው መምህርት፣ እትዬ ስኂን ነበሩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አስቆሙኝ።

«እትዬ ስኂን! እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ነገ ጠዋት የምታጸድቁትን ነገር ፍሬ ላሳይህ ነው የመጣሁት። ተከተለኝ፤ ልብህ ግን ይጽና።»

ጥቂት እንደተጓዝን ወደ አንዲት ታላቅ ከተማ ገባን። በየአደባባዩ እጅግ ያማሩ የትምህርት ቤት ሕንፃዎች ተሠርተዋል፤ ግድግዳቸው አዲስ ቀለም ተቀብቶ፣ በሮቻቸው በነሐስ አጊጠው ነበር። እኔም ተገርሜ፣ «ይህች አገር ለትምህርት የምትጨነቅ አገር ሳትሆን አትቀርም» አልኳቸው። እትዬ ስኂን ከበሮቹ አንዱን ገፍተው አስገቡኝ።

በክፍሉ ውስጥ ሕፃናት በዴስኮቻቸው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። መምህሩ ግን ፊቱን ወደ ሰሌዳው፣ ጀርባውን ወደ ልጆቹ አዙሮ ቆሟል። ይጽፋል፤ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብባል፤ ልጆቹም ድምፁን ይከተላሉ። በየመካከሉ ሳይዞር «ገባችሁ?» ይላል፤ እነርሱም «የስ ቲቸር!» ይላሉ። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ጭንቅላታቸውን ዴስክ ላይ ደፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚጮኹት። ወደ ሁለተኛው ክፍል ገባን፤ እንደዚያው። ወደ ሦስተኛው ገባን፤ እንደዚያው። በየፎቁ ወጥተን በየኮሪደሩ ስንዞር ከጀርባው በቀር ፊቱ የሚታይ አንድም መምህር አላየንም።

«እትዬ ስኂን፣ ስለምን አይዞሩም? ልማድ ነው ወይስ ትእዛዝ?»

«ሁለቱም አይደለም፤ ፍርሃት ነው። በሥልጠናቸው ዘመን ሁሉ ያስተማሩት ጓደኞቻቸውን ነበር። ጓደኛ እንዳልገባው ሆኖ ይቀልዳል እንጂ በእውነት ግራ አይጋባም። እነዚህ ሰዎች እውነተኛ ሕፃን ያዩት በተቀጠሩበት ቀን ነው። በዚያ ቀን የተናገሩት ሁሉ ወደ ልጆቹ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሲወድቅ አዩ። የሚያበረታቸው፣ እንዲህ አድርጉ የሚላቸው ሰው ከኋላ ወንበር ላይ አልነበረም። ስለዚህ ወደማያፍሩበት፣ ወደ ሰሌዳው ዞሩ።»

ከሕንፃው ልንወጣ ስንል ከመጨረሻው ክፍል የማውቀው ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። በሩን ከፈትኩ። ጠጉርዋ የሸበተ፣ ትከሻዋ የጎበጠ መምህርት በጠመኔ ብናኝ ተሸፍና ሰሌዳው ፊት ቆማለች። ጽሕፈትዋ ያምራል። ትንግርት ነበረች።

«ትንግርት!» ብዬ ጮህኩ።

እጅዋ ቆመ፤ ፊትዋን ግን አላዞረችም። «ማን ነው?» አለች።

«ላቀው ነኝ፤ መምህርሽ። ዙሪ እንጂ እይኝ!»

«መዞር አልችልም፣ መምህር። አንድ ጊዜ ዞሬ ነበር። ዓይኖቻቸውን አየሁ። ሁሉም ዓይኖች አንድ ነገር ይለምኑኛል፤ የሚለምኑኝ ነገር ምን እንደ ሆነ ግን አላውቅም። በሚቀጥለው ሳምንት ትደግሚዋለሽ ብለውኝ ነበር እኮ። ጠበቅኩዎት።»

ወደ እርስዋ ልሮጥ ስል እትዬ ስኂን በኃይል ይዘው ጎተቱኝ። «አይቻልም» አሉኝ። «ይህ ገና ያልሆነ ነገር ነው፤ ከዚህ ሆነህ ልትነካው አትችልም።» ጠመኔው ሰሌዳው ላይ መንቋቋቱን ቀጠለ፤ በሩም ከኋላችን ተዘጋ።

እያለቀስኩ ተከተልኳቸው። «ይህን ያህል ጥፋት» አልኳቸው፣ «በአንድ ባዕድ ቋንቋ ትምህርት ምክንያት ነው?»

«ቋንቋው ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ነገር ግን በዚህች አገር ልጅ ካደገ በኋላ ሕክምናውንም፣ ምሕንድስናውንም፣ ሒሳቡንም የሚማረው በዚያው ቋንቋ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሌላ ነው። እነዚያ ልጆች ከእንግሊዝኛው ይልቅ አጥብቀው የተማሩት፣ ሳይገባቸው ገብቶኛል ማለትን ነው። ና፣ አድገው እያቸው።»

ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። አንዲት ወጣት እናት በትኩሳት የነደደ ሕፃን ታቅፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ነርሷ ከመደርደሪያ ላይ ብልቃጥ አንሥታ በላዩ የተለጠፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አነበበች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ ግንባርዋ ሲቋጠር አየሁ። ወደ ባልደረባዋ ዞራ፣ «ከምግብ በፊት ነው የሚለው ወይስ ከምግብ በኋላ? ደግሞ ይህ ለሕፃን ይሆናል?» አለችው። እርሱም በጨረፍታ ተመልክቶ «ገብቶኛል፤ ስጫት» አላት። እርስዋም «አዎን፣ እኔም ገብቶኛል» ብላ ለእናትየዋ በችኮላ አስረዳቻት።

«ገባሽ?»

«ገብቶኛል» አለች እናትየዋ፣ ዓይኖችዋ ግን እየተንከራተቱ።

ሦስቱም ሲዋሹ ክፋት አልነበረባቸውም። እንዲያውም እያንዳንዳቸው ሌላው የሚያውቅ መስሏቸው በእርሱ ተማምነዋል። በሩ ተዘግቶ ዳግመኛ ሲከፈት፣ ያችው እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ክንዶችዋ ባዶ ሆነው፣ በዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አየኋት። ነርሷ ከመደርደሪያው ሥር ተንበርክካ ብልቃጡን እያገላበጠች ደጋግማ ታነብበው ነበር። እኔም ፊቴን በእጄ ሸፍኜ፣ «እትዬ ስኂን፣ ይበቃኛል! በዚህች አገር ላይ ምንም በጎ ነገር ከሌለ ቀስቅሰው ይመልሱኝ» አልኳቸው።

«አንድ ነገር ላሳይህ» አሉኝ፤ «ግን ብዙ አትቆይም።»

እጄን ይዘው ወደ ሌላ አገር፣ በአንድ ኮረብታ ወገብ ላይ ወዳለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ ወደ ሆነ የትምህርት ቤት ክፍል አደረሱኝ። አንድ ወጣት እጩ መምህር ላብ ፊቱን አጥምቆት፣ ብርቱካንና ቢላዋ ይዞ በልጆቹ መካከል ይመላለሳል። የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሩን ሲሳሳት ጉንጩ ይቀላል፤ ያርመዋል። ከኋላ ወንበር ላይ አንዲት ጎልማሳ መምህርት ተቀምጣለች፤ አትቆጣም፣ አታቋርጥም፣ ታያለች። በመካከሉ አንዲት ልጅ እጅዋን አውጥታ ተነሣችና፣

«ቲቸር፣ አልገባኝም» አለች።

ማንም አልሳቀባትም። ወጣቱ በድንጋጤ ወደ ኋላ ወንበር ተመለከተ፤ መምህርቲቱ ራስዋን በመነቅነቅ ብቻ አደፋፈረችው። እርሱም ወደ ልጅቱ ዴስክ ሄዶ ተንበረከከና ብርቱካኑን ከእጅዋ ላይ አኖረው። እትዬ ስኂን እጄን ስበው አወጡኝና ከዚያ የሆነውን አላየሁም፤ በሕይወቴ የተመኘሁት ሁሉ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለ መሰለኝና ለመቅረት ለመንኳቸው።

«በዚህች አገር ያለው ሐኪምም፣ ዳኛውም፣ ግንበኛውም እንደ ልጅቱ ይናገራል» አሉኝ እትዬ ስኂን። «ያልገባው አልገባኝም ይላል፤ ስለዚህም ይጠይቃል፤ ስለዚህም ያውቃል።»

«ይህች አገር ከእኛ ምን ያህል ትርቃለች?»

እትዬ ስኂን ወደ መጣንበት አመድማ ሜዳ ዘወር ብለው ተመለከቱ። ያ አስተያየታቸው ካየሁት ሁሉ ይልቅ አስፈራኝ።

«እርግጡን ልንገርህ» አሉኝ። «ወደ መጀመሪያይቱ አገር የሚወስደው መንገድ ተጠርጎ አልቋል፤ ሰዎችም እየሄዱበት ነው። ወደዚህች የሚወስደውን መንገድ ግን ገና ማንም አልጀመረውም። የሚጀምረው ይኖራል ወይ ብትለኝ አላውቅም። ተመልሰህ ያየኸውን ተናገር፤ ከዚህ የሚበልጥ ተስፋ ልሰጥህ አልችልም።»

ከወንበሬ ላይ አንገቴ ደንዝዞ፣ ሰውነቴ በርዶ ስነቃ ነግቶ ነበር። ፊቴን ታጥቤ በቀጥታ ወደ ስብሰባው ሄድኩ፤ ተራዬ ሲደርስም ሌላ ክርክር አላቀረብኩም፤ ያየሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ሕፃንዋን ስላጣችው እናት ስናገር ከባልደረቦቼ አንዲቱ አለቀሰች። አቶ ፍስሐጽዮን ግን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹና፣ «ላቀው፣ ልብ የሚነካ ነው። ነገር ግን ሕልም መኪና አይሆነኝም» አሉ። እጅ ወጣ፤ ተቆጠረ፤ ልምምዱ ተዘጋ።

ስወጣ እጩ መምህራኑ ከአዳራሹ ደረጃ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ውሳኔውን ከፊቴ አነበቡት መሰለኝ ማንም አልጠየቀኝም። «ተቀመጡ» አልኳቸው፤ ለእነርሱም ነገርኳቸው። የዚያችን ሽበታም መምህርት ስም ግን ከአፌ አላወጣሁትም። ትንግርት ከሁሉ ፊት ተቀምጣ፣ አገጭዋን በጉልበትዋ ላይ አሳርፋ ታዳምጠኝ ነበር። ስጨርስ ቀና ብላ፣

«ያቺ መምህርት በመጨረሻ አልዞረችም?» አለችኝ።

«እኔ እስካየሁት ድረስ አልዞረችም።»

«ታዲያ እኛ አሁን የት ሄደን እንለማመድ፣ መምህር?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ራእይ በየትምህርት ቤቱ፣ ለየርእሰ መምህሩ፣ ለየወላጁ፣ ሊሰማኝ ለፈቀደ ሁሉ እናገራለሁ፤ ዛሬም ለእናንተ የጻፍኩላችሁ፣ ለትንግርት ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ከመካከላችሁ ይገኝ እንደ ሆነ ብዬ ነው።