የግራው ስክሪን

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ ከዳኑብ ወንዝ የተነሳው ጉም የቡልጋሪያዋን ከተማ የሩሴን ጣሪያዎች ውጧቸው፣ ለዓይን የማይታይ ካፊያ የመንገደኛውን ትከሻ ያረጥብ ነበር።

ክሩም የመጨረሻውን ጋዜጣ በፕላስተር ለጥፎ ወደ ኋላ ሸሸት አለና የእጁን ሥራ ተመለከተ። ምድር ቤት ባለው ሱቁ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ፣ ሦስት ስክሪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። ቁመታቸውም ስፋታቸውም እኩል ነው። ጠርዛቸው፣ እግራቸው፣ የሠሪያቸው ስም ሁሉ በትናንት ጋዜጣ ተጠቅልሏል፤ የሚታየው ጥቁር ገጻቸው ብቻ ነው።

"እኔ ጋ የሚገዛው እንዲህ ነው" አለ መቀሱን ኪሱ እየከተተ። "ስም አይቶ ለሚገዛ ሌላ ሱቅ ሞልቶለታል። እዚህ ዓይን ይመርጣል፤ እኔ ገንዘቤን እቀበላለሁ።"

"ዓይን ካለ ነዋ" አሉ ወይዘሮ ሩምያና።

ላቸዛር አልሳቀም። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበና ተቀመጠ። ማውሱን ጨበጠ።

ክሩም ያላወቀው ነገር ቢኖር፣ ዛሬ የሚመረጠው ስክሪን ብቻ አለመሆኑን ነው። ወይዘሮ ሩምያና የዳቦ ቤት ባለቤት ናቸው። ከዳቦ ቤታቸው ፎቅ ላይ አምስት ወጣቶች በኮምፒውተር የሚጋጠሙበትን ቡድን የሚያኖሩትም እሳቸው ናቸው፤ የቡድኑ ማሊያ ደረት ላይ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ ታትሟል። ቡድኑ ማታ ካሸነፈ ሶፊያ ለሚደረገው ፍጻሜ ያልፋል። ላቸዛር ቡድኑ ሲመሠረት ጀምሮ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዕድሜው ሃያ ስምንት ነው፤ በዚህ ሥራ ሃያ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ያሰኛል። ልጆቹ "ጋሼ" ይሉታል፣ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ፌዝ።

ካለፈው በጋ ወዲህ አንድ ነገር ተለውጧል። በጨዋታው ውስጥ ጠላት ከግድግዳ ጀርባ ብቅ ሲል፣ ላቸዛር ባየው ቅጽበት ሞቷል። በየሽንፈቱ ማግስት የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነበር፤ "ስክሪኑ ይጎትታል።" ቀስ በቀስ ነገሩ የቡድኑ መሳቂያ ሆነ። አንዱ ሹካ ከእጁ ቢወድቅ፣ ሌላው አውቶቡስ ቢያመልጠው፣ "ስክሪኑ ነው!" ይባባላሉ።

ወይዘሮ ሩምያና ግን አልሳቁበትም። ዛሬ የዳቦ መኪናቸውን ሱቁ በር ላይ አቁመው፣ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ እንዲህ አሉት፦ "ላቾ፣ አዲሱን እገዛልሃለሁ። ነገር ግን ፈጣኑን አንተው ለይተህ ታወጣዋለህ። ከለየኸው ማታ ትጫወታለህ። ካልለየኸው ቦያና ትቀመጣለች። እኔ የእናንተን ጨዋታ አላውቅም፤ ምድጃው ነው፣ ምድጃው ነው እያለ ዳቦ የሚያሳርር ጋጋሪ ግን በደንብ አውቃለሁ።"

ቦያና ያኔ ከመኪናው ኋላ፣ ከባዶ የዳቦ ሣጥኖች መካከል ተቀምጣ ነበር። ሰምታለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ተጠባባቂ ናት፤ ዓመቱን ሙሉ ከላቸዛር ወንበር ጀርባ ቆማ ሲጫወት አይታለች። አሁንም ከጀርባው ቆማለች።

ክሩም ማብሪያውን ተጫነ። ሦስቱም ስክሪኖች ላይ አንድ ዓይነት ጠባብ መንገድ ታየ፤ ነጭ ግድግዳ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የተሰበረ በር።

"አንዱ ምስሉን በሰከንድ ስድሳ ጊዜ ያድሳል" አለ። "አንዱ መቶ አርባ አራት ጊዜ። አንዱ ሦስት መቶ ስድሳ። ማን የት እንዳለ እኔና እግዜር ብቻ እናውቃለን።"

ላቸዛር ማውሱን ወደ ቀኝ ወረወረው፣ መለሰው። መንገዱ በሦስቱም ላይ ተሽከረከረ።

"ቀኙን አጥፋው" አለ ወዲያው።

"በለው!" አለ ክሩም። "እትዬ ሩምያና፣ ሰውዬዎ ዓይን አለው።"

"የቀኙንማ እኔም አየሁት" አሉ ወይዘሮ ሩምያና። "ምስሉ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል።"

ሁለት ቀሩ። ላቸዛር ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ጨዋታን ያስተማራቸውን ልጆች ሁሉ መጀመሪያ የሚነግራቸው ነገር ነበር፦ ሰውየውን አትዩ፣ የሰውየውን ጠርዝ እዩ፤ ስክሪን የሚዋሸው ጠርዝ ላይ ነው። ምሰሶውን መረጠ። ማውሱን አዞረ። ምሰሶው መሃለኛው ስክሪን ላይ አለፈ። እንደገና አዞረ። ግራው ላይ አለፈ። መሃል። ግራ።

አንድ ነበሩ።

ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ዱሮ ይህ ነገር ፍለጋ አያስፈልገውም ነበር፤ ጨው ምላስ ላይ እንደሚታወቅ ይታወቀው ነበር። ፈጥኖ አዞረ፣ ቀስ ብሎ አዞረ። መሃለኛው የተሻለ መሰለው። ከዚያ ግራው የተሻለ መሰለው። ከዚያ የመሰለው ሁሉ ፍላጎቱ እንጂ ዓይኑ እንዳልሆነ ገባው።

"ወንድሜ፣ ሚስት እየመረጥክ ነው እንዴ?" አለ ክሩም። "እኔ ባለቤቴን ስመርጥ እንኳ ይህን ያህል አልቆየሁም።"

"እሷስ?" አሉ ወይዘሮ ሩምያና።

"እሷማ አልመረጠችም፤ ቸኩላ ነበር።"

ወይዘሮ ሩምያና ሳቁና ስልካቸውን አውጥተው መነካካት ያዙ። ሳቃቸው አጭር ነበር። ላቸዛር ማውሱን ለቀቀ። አንገቱን ለማፍታታት ቀና ሲል፣ ከጠረጴዛው ወዲያ የቆመው ባለመስታወት ቁም ሣጥን ላይ ዓይኑ አረፈ። ውስጡ ኪቦርዶች ተደርድረዋል፤ መስታወቱ ላይ ደግሞ ከኋላው የቆሙት ሁለት ሴቶች ይታያሉ። ወይዘሮ ሩምያና ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ትንሿ ቀጥ ብላ ታየዋለች። አንድ እጇ ካፖርቷ ደረት ላይ ነው፤ ከእጇ አንዲት ጣት ብቻ ተዘርግታ ወደ ግራ ታመለክታለች።

ዓይኖቻቸው መስታወቱ ላይ ተገናኙ። ጣቷን አላጠፈችም።

ላቸዛር ወደ ስክሪኖቹ ተመለሰ። አንድ ጊዜ አዞረ፣ ለወጉ።

"ግራው" አለ።

ክሩም የግራውን ጋዜጣ ከጥግ ጀምሮ፣ ሰውን ማስጨነቅ እንደሚወድ ሰው፣ ቀስ እያለ ገሸለጠው። ጠርዙ ላይ ያለውን ቁጥር በጣቱ እያሳየ፣ "ሦስት መቶ ስድሳ" አለ። "ጎበዝ። ከአሥሩ ሰባቱ እዚህ ጋ ይወድቃሉ።"

መጀመሪያ ያጨበጨበችው ቦያና ናት።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን አስጨነቀህ?" አሉ ወይዘሮ ሩምያና ትከሻውን በዱቄት በለመደ መዳፍ እየመቱ። "በል ተነስ፤ የማታው ወንበር ያንተ ነው። ክሩም፣ አንተ ደግሞ ቅናሽ አድርግ፤ ጋዜጣውን አልወስድብህም።"

መኪናው ከኋላ ወንበር የለውም። ላቸዛርና ቦያና የስክሪኑን ካርቶን መሃላቸው አድርገው ወለሉ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጎማው የድንጋዩን መንገድ ሲረግጥ የዳቦ ሣጥኖቹ ይንኳኳሉ።

"ማን ጠየቀሽ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ምኑን?"

"ቦያና።"

እሷ የካርቶኑን ጥግ በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር። "ቆየህ፤ ስትቆይ ጊዜ..."

"እያመነታሁ ነበር። አገኘው ነበር።"

"እሺ።"

"እሺ ማለት ምን ማለት ነው?"

"እሺ ማለት እሺ ነው፣ ጋሼ።"

መኪናው መብራት ላይ ቆመ። የዝናብ መጥረጊያው ወዲያና ወዲህ ይላል።

"መሃለኛው ላይ ምን አየሽ?" አለ።

"ምሰሶውን ነዋ። ስታዞረው ከጎኑ ሌላ ቀጭን ምሰሶ ይከተለዋል፣ ጥላ መሰል። ግራው ላይ የለም።" ቀና ብላ አየችው። "አንተ አላየኸውም?"

"አየሁት።"

ቦያና ዓይኗን ወደ ካርቶኑ መለሰች። ያልተከራከረችው ስላመነችው አልነበረም። ይህን ላቸዛር ከሁሉም በላይ ጠላው።

"ብሳሳት እኮ ወንበሩ ያንቺ ነበር" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ስትሳሳት ቆሜ ማየት አልቻልኩም። አጎቴ የዓይን ምርመራ ወድቆ መንጃ ፈቃዱን ሲቀማ አብሬው ነበርኩ፤ ሐኪሟ ፊት ፊደሎቹን እየገመተ። እሱን ማየቴ ይበቃኛል።"

"ስንት ዓመቱ ነው አጎትሽ?"

"ሰባ አራት።"

ላቸዛር ሊስቅ ፈልጎ አልመጣለትም።

"ምንድነው የምትንሾካሾኩት?" አሉ ወይዘሮ ሩምያና ከፊት። "ስክሪኑን እንዳትረግጡብኝ! ከእናንተ በላይ ነው ያወጣሁበት!"

የቡድኑ ክፍል ከምድጃው በላይ ስለሆነ ክረምትና በጋ ይሞቃል። ሌሎቹ አራት ተጫዋቾች ካርቶኑን ሲያዩ ባንድ ድምፅ "ስክሪኑ ነው!" ብለው ጮኹ። ላቸዛር እጁን አወዛወዘላቸውና አሮጌውን ነቅሎ፣ አዲሱን ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ አቆመ። ገመዱን ሰካ። አራቱ ለጨዋታው የሚበላ ሊያመጡ ወደ ታች ወረዱ፤ ቦያና መስኮቱ ጋ ጫማዋን አውልቃ ካልሲዋን ታደርቃለች።

አዲስ ስክሪን ፍጥነቱን ካላዘዙት በስድሳ ነው የሚነሳው። ይህን የማያውቅ ተጫዋች በፈጣን ስክሪን ዓመት ሙሉ በዝግታ ይጫወታል። ላቸዛር ያውቃል። ማስተካከያውን ከፈተ፣ ወደ መቶ አርባ አራት ከፍ አደረገው። የልምምዱን መንገድ አስነሳና አንድ ምሰሶ ፈልጎ ማውሱን አዞረ። ምሰሶው አለፈ።

ወደ ሦስት መቶ ስድሳ ከፍ አደረገው። አዞረ። ምሰሶው አለፈ።

መለሰው። እንደገና ከፍ አደረገው። አሁን የሚያየው ሰው የለም፤ ክሩም የለም፣ መስታወት የለም፣ የሚያመለክት ጣት የለም። ቦያና መስኮቱን ሳትለቅ፣ ከዚያው ሆና ብታየው እንደምትለየው ያውቃል። ምሰሶው ሲመጣ ጠበቀው። ቀጭኑን፣ የሚከተለውን ጥላ ፈለገው። ምሰሶ ብቻ ነበር፤ ንጹሕ፣ አንድ፣ በሁለቱም።

ሦስት መቶ ስድሳው ላይ ተወው። እጁ ማውሱ ላይ ጥቂት ቆየ።

"ቦያና፣ ነይ እስቲ።"

"ምነው? ተበላሸ?"

"ተቀመጪ።"

ባዶ እግሯን መጥታ ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ሊነሳ እንደተዘጋጀ ሰው፣ ተቀመጠች። ላቸዛር ከስክሪኑ ጀርባ ዞሮ የመቆሚያውን ብሎን ፈታ። ስክሪኑን በሁለት እጁ ይዞ ዝቅ አደረገው፤ የላይኛው ጠርዝ ከዓይኗ ጋር እስኪተካከል።

"ወደ ኋላ ተደግፈሽ ተቀመጪ። እንደምትጫወቺው።"

"ጋሼ..."

"ተደገፊ አልኩሽ።"

ተደገፈች። እሱም ትንሽ ዝቅ አደረገውና ብሎኑን አጠበቀ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እሷ ቁመት አወረደው፤ ኪቦርዱን እሷ እንደምትወደው ሰያፍ አደረገው። ዓመቱን ሙሉ ከጀርባው ቆማ ታየው የነበረችው እሷ ብቻ አልነበረችም፤ እሱም ስትለማመድ ያያት ነበር።

ወይዘሮ ሩምያና አይብ የተጠቀለለበት ትኩስ ባኒትሳ የተሸከመ ትሪ ይዘው በሩን በእግራቸው ገፉት። እንፋሎቱ ቀድሟቸው ገባ።

"ላቾ" አሉ፣ ትሪውን ሳያስቀምጡ። "ለአንተ አላጠረም እንዴ? ዝቅ ብሏል።"

"ለእኔ አይደለም።"

"ምን ማለት ነው ለእኔ አይደለም?"

"ክሩም ጋ ግራውን ያየችው እሷ ናት፣ እትዬ ሩምያና። እኔ አላየሁትም።"

ቦያና ወንበሩ ላይ ደረቀች። ወይዘሮ ሩምያና ተራ በተራ አዩዋቸው። መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እሷን፣ በመጨረሻ የልጅቷን ባዶ እግር። ትሪውን መስኮቱ ላይ አስቀመጡ።

"ጫማሽን አድርጊ" አሏት። "ብርድ መትቶሽ ማታ እንድታስነጥሺብኝ አልፈልግም።" ከዚያ አንድ ቁራሽ ባኒትሳ በሶፍት ጠቅልለው ለላቸዛር ሰጡት። "አንተ ደግሞ ብላ። ቆሞ ማየትም ያደክማል።"

ላቸዛር ቁራሹን ተቀብሎ ከወንበሩ ጀርባ ቆመ።

ጨዋታው ሲጀመር ሁለተኛው ወንበር ላይ የነበረችው ቦያና ስቶይኮቫ ናት።