አሥራ ስምንት ያለችው እሷ ናት

እናትየዋ የልጇን ባጅ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ አሁን አንቺው ሰርዢው» አለች።

ከፎቶው ሥር «ዕድሜ፦ 18» ይላል። የስልጠና ማዕከሉ አስተባባሪ ልትክድ አልቻለችም፤ የገዛ እጅ ጽሑፏ ነው። ከሰባት ወር በፊት የሞባይል ጥገና ስልጠናው ሲከፈት፣ ድርጅቱ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች አልቀበልም ብሎ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቱ የነበረው የሴትየዋ ልጅ ሦስት ቀን በሩ ላይ ተገትሮ ዋለ። በአራተኛው ቀን ታከታትና «በቃ፣ አሥራ ስምንት ነህ፤ ግባ» አለችው። ስልክ ሲፈታ አንዲት ብሎን ስለማትጠፋበት ጓደኞቹ «ብሎን» ይሉታል። እንዲህ በብዕር ያሳደገቻቸው ዘጠኝ ናቸው። መንገድ ላይ ለውትድርና ከሚለቀሙ እዚህ ይዋሉ ብላ ነበር።

ማዕከሉ ፈቃዱ እንዲታደስለት የሰልጣኞችን ስምና ዕድሜ በየወሩ ለከተማው አስተዳደር ያስገባል። ውጊያው ሲጠጋ የሠራዊቱ ምልመላ ክፍል ዝርዝሩን ከዚያ ወሰደው። ትናንት በጠራራ ፀሐይ ወታደሮች በሩ ላይ መኪና አቁመው ስም ጠሩ። ብሎን የማዕከሉ ስም ጥሪ መስሎት «አቤት» ብሎ ወጣ። ነገ ወደ ግንባር ይሄዳል።

አስተባባሪዋ ወደ ዋናው ቢሮ ደወለች። አለቃዋ ምንም ነገር በጽሑፍ እንዳትሰጥ አስጠነቀቃት፤ ዕድሜ አጭበርብረናል ብላ ከመሰከረች ማዕከሉ በማግስቱ ይዘጋል። ከዚያ «አይዞሽ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ድርጅቱ ያለ ሦስት ፊርማ የሚሰጠው እርዳታ ይኸው አይዞሽ ብቻ ነው።

እሷ ግን ደብዳቤ ጻፈች። የዘጠኙንም እውነተኛ ዕድሜ ዘርዝራ፣ ፈርማ፣ ማኅተም መታችበትና ከእናትየዋ ጋር ወደ ምልመላ ክፍሉ ሄደች።

መቶ አለቃው ደብዳቤውን ከዝርዝሩ ጎን አስቀመጠው።

«ሁለቱም ላይ የፈረምሽው አንቺ ነሽ። የትኛው ነው ውሸቱ፣ እህቴ?»

«ዝርዝሩ።»

«ትናንት የዋሸሽ ዛሬ በምን ትታመኛለሽ?» ክፉ ሰው አይመስልም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለ» ብሎ ፈገግ አለ።

እናትየዋ ቀና ብላ አየችው። «እሱን የተረተው ሰው ወልዶ አያውቅም» አለች።

ፈገግታው ጠፋ። ደብዳቤውን ግን አጥፎ መለሰላቸው።

ሲወጡ ብሎንን ከሽቦ አጥሩ ጀርባ፣ ከሌሎቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ አዩት። እናቱ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆመች። እሱ የጮኸው ለአስተባባሪዋ ነው።

«የሰው ስልክ ፈትቼ ነው የመጣሁት! ብሎኖቹ ክዳኑ ላይ ናቸው፤ እንዳይበተኑ!»

«እሺ» አለች።

ማዕከሉ ስትመለስ የቀጣዩ ዙር ተመዝጋቢዎች ደጃፉ ላይ ተሰልፈዋል። የብሎን ጠረጴዛ እንደነበረ ነው፤ የተፈታ ስልክ፣ ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ስድስት ብሎን። ክዳኑን በሁለት እጇ አንስታ መሳቢያ ውስጥ አስገባችው፤ ቀጥላ መዝገቡን ከፈተች።

ከሰልፉ ፊት ያለው ልጅ ጢም ሊያወጣ ገና ነው። ሳይጠየቅ «አሥራ ስምንት» አለ።

«እውነቱን።»

ወደኋላ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሥራ አምስት።»

አሥራ አምስት ብላ ጻፈች።

«እንዲህ ከጻፍሽው ትቀበሉኛላችሁ?»

«አንቀበልህም።»

«ታዲያ የት ልዋል? መንገድ ላይ እኮ ዕድሜ ሳይጠይቁ ነው የሚያፍሱት።»

ብዕሩ እጇ ላይ ነው። አምስቷን ስምንት ማድረግ ብቻ ነው።

«አላውቅም» አለችው። አሥራ አምስቱን ግን አልሰረዘችውም።