በሰማያዊ ክር የተሰፋው ጆንያ

ግንቦት 3 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ትልቁ የብረት ሳህናችን እንደሌለ አየሁ። ጎመን የምናጥብበት ጎድጓዳው ነው። ሁልጊዜ መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ ይቀመጥ ነበር፤ ያን ቀን ቦታው ላይ አቧራ ያልነካው ክብ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

«ልዩ፣ ሳህኑ የት ሄደ?» አልኳት።

ጫማዋን እያሰረች ነበር። ቀና አላለችም። «ለሰው አውሼው ነው።»

«ለማን?»

«ለሰው ነዋ!» ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ልዩ ሚስቴ ነበረች። ካረፈች ስምንት ወር ሆናት። እዚሁ ቴፒ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር፤ እኔ ደግሞ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ የቡና መጋዘን ውስጥ ናሙና አውጪ ነኝ። ለቅሶ ላይ ሰው ስለ እሷ ደግ ደጉን ሲያወራ እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁ። ይህንን ግን ማንም አላነሳውም፤ የሚያውቀውም የለም።

ሥራዬ መጠርጠር ነው። አንዳንዱ ሰው ጆንያውን ከላይ ደህና ቡና ሞልቶ ከመሃል ሻጋታ ያደርግበታል። ሁሉን ጆንያ እየፈቱ ማየት ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ መውጊያ አለን፤ ክንድ የሚያህል፣ ጫፉ ሹል፣ ሆዱ እንደ ቦይ የተቦረቦረ ብረት ነው። በጆንያው ጎን ሰክቼ ስመዘው ከመሃል ያለው ቡና በቦዩ ተከትሎ ይወጣል። ስፌቱ አይነካም። ቀዳዳውን በጣቴ አሸት አሸት ሳደርገው ቃጫው ይገጥማል፤ ባለቤቱ እንኳ አያውቅም። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ስሠራ ኖርኩ።

ከሳህኑ በኋላ ሁለቱ የሻይ ማጥለያዎች ጠፉ። ቀጥሎ የእኔ የእጅ ባትሪ፣ ከዚያ ሰማያዊው የልብስ ሳፋ። ስጠይቃት አንዱን «ተሰብሯል»፣ ሌላውን «እኔ እንጃ» ትለኛለች። ድሮ ቦርሳዋን የትም የምትጥለው ሴት አሁን ዚፑን እስከ ጫፍ ዘግታ ራስጌዋ ማድረግ ጀመረች።

ሴት ሳህን፣ ማጥለያና ሳፋ አንድ በአንድ ከቤት ስታወጣ ምን ማለት ነው? ለእኔ የታየኝ አንድ መልስ ነው፤ ሌላ ቤት እያደራጀች ነው። ስድስት ዓመት አብረን ኖረን ልጅ አልወለድንም። ባለፈው ክረምት ማሻ ያለችው እህቷ አጸደ ዘንድ ሄዳ ከተባባልነው አሥር ቀን በላይ ቆይታለች። እነዚህን ከሳህኑ ጋር ገጣጠምኳቸውና ማሻ ሌላ ወንድ አግኝታ ልትሄድብኝ ነው አልኩ።

መጋዘን አብሮኝ ለሚሠራው ለፈንታው ነገርኩት።

«ሳፋ?» አለ። «ወንድሜ፣ ሳፋ ተሸክማ የምትኮበልል ሴት አይቼ አላውቅም!»

«አትሳቅ።»

«አልጋውን ስታወጣ ጥራኝ፤ በአንድ በኩል እይዝላታለሁ።» ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወ። «ለነገሩ ባስልኤል ሱቅ ስትገባ ሁለቴ አይቻታለሁ። ስልኳን ልታሠራ ይሆናል።»

ስልኳ ደህና ነበር። ባስልኤል ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን ወጣት ነው። የሬዲዮዬን አንድ ሽቦ ሆን ብዬ ነቅዬ ሄድኩበት።

«ጋሼ ተረፈ! ምን እግር ጣለዎት?» አለና በፍጥነት ጨርቅ ስቦ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነገር ሸፈነ። ከጨርቁ ሥር ግን የእኔ ባትሪ ቂጥ ብቅ ብሏል፤ በቀይ ቀለም ምልክት ያደረግሁበት። የተቆረጠው ጭንቅላቱም ጎኑ ይታያል።

«ይሄ የማን ነው?»

«የደንበኛ።»

«ደንበኛው ማነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ የደንበኛ ዕቃ አይወራም። እኛም እንደ ሐኪም ነን» ብሎ ሳቀ። ሬዲዮዬን ከፍቶ አንዴ አየው። «ይቺን ሽቦ ግን ማን ነቀላት? አይጥ ናት?»

ሽቦዋን አስበይጄ፣ ከፍዬ ወጣሁ።

በሳምንቱ መጨረሻ ልዩ «አንድ ንጹሕ ባዶ ጆንያ አምጣልኝ» አለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ አመጣሁላት። ሰኔ 1 ቀን፣ ሊመሽ ሲል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጓዳ ሆና በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ያስቃል እኮ ባስልኤል... አዎ፣ ቅዳሜ በጠዋት ይዤው እወጣለሁ። ተረፈ ብቻ እስከዚያ እንዳያውቅ።»

ግራና ቀኙ የምን እንደሆነ ለማሰብ አልሞከርኩም። «ቅዳሜ» እና «እንዳያውቅ» በቂዬ ነበሩ።

በማግሥቱ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መውጊያውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከሥራ ወደ ቤት መጣሁ። ልዩ ትምህርት ቤት ነበረች። ጆንያው አልጋ ሥር ነው። አፉ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። ብፈታው እንደነበረ መመለስ አልችልም፤ ልዩ ስትሰፋ ክሩን በየስፌቱ ሁለቴ ታዞረዋለች፣ የእኔ እጅ አይሠራውም። እንደ ሥራዬ ጎኑን ዳሰስኩና ሰካሁ።

መጀመሪያ ለስላሳ ነገር አገኘ። ቀጥሎ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ያኔ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም፤ እስከ እጀታው ገፋሁት። ስመዘው ቦዩ ውስጥ የተቦጨቀ ብርማ ወረቀትና የስፖንጅ ፍርፋሪ ነበር። ብርማ ወረቀት የስጦታ መጠቅለያ ነው፣ ስጦታ ይዛለት ልትሄድ ነው አልኩ። ቀዳዳውን በጣቴ አሸት አሸት አድርጌ ጆንያውን ወደ ቦታው ገፋሁት።

ቅዳሜ በጠዋት ባጃጅ ጠርታ ጆንያውን ጫነች። ደስ ብሏት ነበር። «የወላጆች በዓል ነው ዛሬ። አምስት ሰዓት ላይ ና እሺ? ከፊት ወንበር ይዤልሃለሁ።»

«እሺ» አልኳት። አላመንኳትም። በእግሬ መናኸሪያ ሄጄ የማሻ መኪኖች በሚጫኑበት በኩል እስከ አራት ሰዓት ተኩል ቆምኩ። አንዱ ረዳት ሦስት ጊዜ «ማሻ ነህ? ማሻ ግባ!» አለኝ። ልዩ አልመጣችም። ከዚያ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

አዳራሹን መጋረጃ ዘግተው አጨልመውታል። ከፊት አንድ ባዶ ወንበር ነበር፤ የእሷ ነጠላ ተደርጎበታል። ነጠላዋን አንስቼ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ዝም እንዲሉ ተነገራቸውና ከመድረኩ ጀርባ የጠፈር ተጓዥ ወጣ።

ሳህናችንን አናቱ ላይ ደፍቷል። ከሳህኑ በታች ሳፋው ፊት እንዲያሳይ ተቆርጦ፣ በብርማ ወረቀት ተለብጦ እስከ ትከሻ ወርዷል። ከፊቱ የሃይላንድ ፕላስቲክ መስኮት አለው። ባለቀ የክኒን ማሸጊያ ደረቱ ላይ ቁልፍ ቁልፍ ተሠርቶለታል። በግራና በቀኝ ጆሮው ላይ ሁለቱ የሻይ ማጥለያዎች ተገጥመዋል። አንድ ወር ሙሉ ከቤቴ የጠፋው ሁሉ ሚስቴ ራስ ላይ ነበር።

«ከሩቅ ኮከብ መጣሁ» አለች ልዩ ድምፅዋን አወፍራ። «እኛ ዘንድ ዛፍ የለም። ጥላ የሚባል ነገር አለ ብለውኝ ልጠይቅ መጣሁ። መጀመሪያ ግን መብራቴን ላብራ።»

ማብሪያውን ተጫነችው። የቀኙ ማጥለያ በአረንጓዴ ብርሃን ሞላ፤ ልጆቹ ጮኹ። ግራው አልበራም። ደግማ ተጫነችው።

«አንዱ ጆሮው ጠፋ!» አለ አንድ ልጅ፤ አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ ባስልኤል ግራ ገብቶት ብድግ ሲል አየሁት።

ልዩ እጇን ወደ ግራ ጆሮዋ ሰደደች። ጣቷ ወረቀቱን ዳሰሰና አንድ ቦታ ገብቶ ቆመ። ጆንያ ቀዳዳውን ይገጥማል፤ ፕላስቲክ አይገጥምም። መውጊያዬ የሚተወው ቀዳዳ አንድ ጎኑ ክብ፣ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ቤታችን ባመጣኋቸው አሮጌ የፕላስቲክ ጆንያዎች ላይ ሁሉ አለ፤ አሳምራ ታውቀዋለች። በፕላስቲኩ መስኮት ውስጥ ሆና ወደ ፊት ወንበር አየችኝ።

«መንገድ ላይ ድንጋይ መታኝ» አለች ለልጆቹ። «ሰማይ ላይ ብዙ ድንጋይ ይበራል። በአንዱም አያለሁ።»

ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ድልድዩ ላይ ደረስን።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብነግርህ ትመረምረው ነበር። አንድ ነገር እንኳ ሳትመረምር ድንገት እንድታይልኝ ብዬ ነው።»

«ልዩ፣ እኔ እኮ የመሰለኝ...»

«ምን እንደመሰለህ አትንገረኝ። ብታውቅ ሁለት ቀን ነው በሱ ያለቀስኩት፤ የግራው ሽቦ አልያዝ ብሎኝ። ረቡዕ ነው የበራው።»

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ ሳህኑን መልሺው አልኳት። ምን ነክቶኝ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

አልሄደችም። ማሻም ብቻዋን ሄዳ አላደረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ፣ እኔ በምቀመጥበት በኩል፣ ዚፑን እስከ ጫፍ ከፍታ ታስቀምጠው ነበር። ስልኳንም እንዲሁ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ። አንድ ቀን «ዝጊው እንጂ» አልኳት። «ለምን? እንዳትቸገር ብዬ ነው» አለችኝ፤ በቁጣ አልነበረም። አንድም ቀን ወደ ውስጥ አላየሁም። አለማየቴን አመነች አላመነች አልጠየቅኋትም።

በኩላሊት ታማ ሚዛን ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኛች። እዚያም ቦርሳዋ አልጋው ጎን ክፍት ነበር። ጥቅምት 2016 አረፈች።

የጠፈር ተጓዡ ራስ ቁር ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አለ፤ ባስልኤል ሊሠራው ሁለት ጊዜ ሞክሮ ግራው አልበራም። ልብሷን አጸደ ከአርባው በኋላ ወደ ማሻ ወሰደችው። ቦርሳውን ልትዘጋው ብትሞክር ዚፑ ዝጎ ኖሮ እንቢ አላት፤ አፉን በገመድ አስረን መኪናው ላይ ጫንነው።