ጮክ ተብሎ የተነበበው መዝገብ

ያቺን ልጅ ገና ከባጃጅ ስትወርድ አልወደድኳትም። ኦዲተር ናት አሉን። ዓለምሸት ትባላለች፤ ጭሮ ተመድባ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። የተጠራችው የጫት ሻጮች ማኅበራችን የዓመቱን ቁጠባ ሲካፈል ገንዘቡ ስላነሰ ነው። የሳጥኑ ቁልፍ እኔ አንገት ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ ቤቴ ገላዬን ስታጠብ ካልሆነ አላወልቀውም። አሥራ አንድ ዓመት ያመኑኝ ሴቶች አሁን ሰላምታቸው ሁሉ ቀዝቅዟል።

እኔም ሁሉንም ጠርጥሬያለሁ። ሰልዋ አዲስ ፍሪጅ ገዝታለች፤ በምን ገንዘብ? ሞሚና ጥግ ይዛ የተስቢህ ዶቃዋን ትቆጥራለች፤ ምን አስጨነቃት? የልጄ የኢርሻድ መዝገብ ግን ልቅም ያለ ነው ይላሉ፤ እኔ ማንበብ ስለማልችል የሚጽፍልን እሱ ነው።

ዓለምሸት መዝገቡን አገላብጣ፣ "አዴ ፋጤ፣ ቁጥሩ ሳጥኑ ውስጥ ካለው ብር ጋር ይገጥማል። ጮክ ብዬ ላንብበውና ሁላችሁም ስሙ" አለች።

"እኛ ምን እናውቃለን? ኦዲተሯ አንቺ አይደለሽ?" አልኳት።

"ኦዲት የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ መስማት ማለት ነው። ድሮ ሒሳብ ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር፤ መርማሪው ቁጭ ብሎ ይሰማል።"

ገንዘብ ጠፋ ስንላት የቃል ዘር ትቆጥርልናለች። ከአንዷ ጋር ተመሳጥራለች ብዬ አሰብኩ።

ማንበብ ጀመረች። "ለሰልዋ፣ አራት ሺህ ብር ብድር።"

"ዱዓ አድርጌላታለሁ" አለች ሞሚና ከጥግ። እኛ ዘንድ ብድር የሚወጣው ስብሰባ ላይ ነው፤ ሞሚና ዱዓ ሳታደርግበት ብር ከሳጥን አይወጣም። አንዱንም አትረሳም።

"ለሀኒፋ፣ ሦስት ሺህ።"

"አድርጌላታለሁ። ያን ቀን ዝናብ ነበር።"

"ለሀዲያ፣ ስድስት ሺህ።"

ሞሚና ዝም አለች። ሀዲያ ማኅበሩን ትታ ጠቅልላ ሚኤሶ ከገባች ዓመት አልፏታል። ዓለምሸት ቀጠለች። የሀዲያ ስም ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጣ፣ ሁለቴም ስድስት ሺህ። ሞሚና ሁለቱንም ጊዜ ዱዓ አድርጌላታለሁ አላለችም።

ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ። ያኔ ነው የገባኝ። ቁልፉን የማወልቀው ቤቴ ነው፤ ቤቴ ውስጥ ደግሞ መጻፍ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

ዓለምሸት ፊቴን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አዴ ፋጤ፣ ላቁመው?"

አቁሚ ብላት ልጄ ለዛሬ ይተርፍልኝ ነበር። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ሞሚና ጭን ላይ አስቀመጥኩት።

"ከታች የጻፈው ሰው ስም አለ" አልኳት ዓለምሸትን። "እሱንም ጮክ ብለሽ አንብቢው።"